የዝናብን ልክ የጻፈው ሐኪም

፩

ልጆች ሆይ፥ በመቱና በአካባቢዋ የምትኖሩ ሁሉ ዝናብን ታውቃላችሁ። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል፤ በኢሉባቦር ግን ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የሶርና የገባ ወንዞች ሞልተው ይወርዳሉ፤ የቡናው ቅጠል ይረሰርሳል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውም ልጅ ደብተሩን ከልብሱ በታች ሸሽጎ ይሮጣል። በጎሬ ተራራ ላይ በአንድ ዓመት የሚወርደው ዝናብ 2,000 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት የዓመቱ ዝናብ ወደ ምድር ሳይሰርግ፥ ወደ ወንዝ ሳይፈስ፥ ፀሐይም ሳታደርቀው በአንድ ስፍራ ቢጠራቀም፥ የቆመ ሰው ራሱ እስኪሸፈን ድረስ በደረሰ ነበር።

ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገድ አለ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ያህል ብቻ ናት። በቀድሞ ዘመን ነጋዴዎች ቡናቸውን በበቅሎ ጭነው በዚህ መንገድ ይወርዱ ነበር፤ በክረምትም ባሮ ሲሞላ ከካርቱም ለሚመጡት መርከቦች ያስረክቡ ነበር። ከወረዱት ሰዎች ብዙዎቹ ሲመለሱ ንዳድ ይዟቸው ይመለሱ ነበር፤ ከመንገድ ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ። ስለዚህ ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ሲመክሩ፥ የቆላ ነፋስ ክፉ ነው፤ ወደ ቆላ ብትወርዱም በዚያ አትደሩ፤ ይሉ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እውነት ተናገሩን? ወይስ ተሳሳቱ? መልሱን ከማየታችን በፊት የአንድ ሐኪም ታሪክ እንስማ። እርሱ ከእኛ እጅግ በራቀ አገር፥ በሌላም ዘመን፥ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

፪

የሐኪሙ ስም ጆን ላይኒንግ ይባላል። በ1708 በስኮትላንድ ተወለደ። ስኮትላንድ ብርድና ጉም የሚበዛባት አገር ናት። በ1730 ግድም፥ ገና ወጣት ሳለ፥ አገሩን ትቶ በመርከብ ታላቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ተሻገረ። በአሜሪካም ምድር፥ በደቡብ ካሮላይና፥ ቻርልስተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀመጠ። በዚያም ትዳር ያዘ፥ በሽተኞችንም ያክም ጀመር።

ቻርልስተን ለስኮትላንድ ሰው እንግዳ ነበረች። ሙቀቷ ብርቱ ነው፤ በዙሪያዋም ረግረግና የሩዝ እርሻ ነበረ። ያን እርሻ የሚያርሱት ከአፍሪካ በግፍ ተይዘው በመርከብ የተጫኑ ሰዎች ነበሩ፤ በከተማይቱም ገበያ እንደ ከብት ይሸጡ ነበር። ይህን አስታውሱ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በየዓመቱ የሙቀቱ ወራት ሲደርስ በከተማይቱ ንዳድ ይነሣ ነበር፤ ብርዱ ሲመጣም በሽታው ይጠፋ ነበር። ላይኒንግ ይህን አይቶ በልቡ አሰበ፤ በሽታዎቹ እንደ ወራቱ ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፥ ጊዜያቸውንም ጠብቀው ይሄዳሉ፤ እንግዲህ የአየሩ መለዋወጥ በሰው ገላ ላይ አንድ ነገር ያደርግ ይሆናል አለ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ወደ ልቡ ሲመጣ ለጎረቤቱ ነግሮት ይተወዋል። ላይኒንግ ግን አልተወውም። ሐሳቤ እውነት መሆኑን በምን ዐውቃለሁ ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱም፦ በመለካትና በመጻፍ የሚል ሆነ።

፫

በ1738 ላይኒንግ አየሩን መለካት ጀመረ። ለዚህ ሥራ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ነበሩት። አንደኛው ሙቀትንና ብርድን የሚለካ ነው። ሁለተኛው የአየርን ክብደት ይለካል፤ አየር ለዐይን ባይታይም ክብደት አለውና። ሦስተኛው በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ያሳያል። አራተኛው የዝናብ መለኪያ ዕቃ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፥ ሰማዩም ጠርቶ ወይም ደመና ለብሶ እንደ ሆነ ያይ ነበር፤ ያየውንም ሁሉ በየቀኑ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። በአሜሪካ በመሣሪያ ተለክተው በኋላ ከታተሙት የአየር መዛግብት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የእርሱ ነው።

በ1740 ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ጀመረ። አየሩን ብቻ ለክቼ ገላን ባልለካ ምን ይጠቅመኛል ብሎ ራሱን በሚዛን ላይ አቆመ። አንድ ዓመት ሙሉ ማለዳና ማታ ክብደቱን መዘነ። የበላውን ምግብ በሚዛን፥ የጠጣውንም ውሃ በልክ ጻፈ። ከገላው የወጣውን ሁሉ መዘነ፤ የልቡን ትርታ ቈጠረ። በላብና በትንፋሽ የሚወጣውን ግን በዐይን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ገላው የገባውንና የወጣውን አስተያይቶ የጐደለውን በሒሳብ አገኘው።

እናንተ ብትሆኑ ስንት ቀን ትታገሡ ነበር? ሦስት ቀን ደስ ይላል፤ በዐሥረኛው ቀን ይሰለቻል፤ በመቶኛው ቀን ሞኝነት ይመስላል። ሰውየውም ሐኪም ነበረና በሽተኞች ይጠሩታል፤ እንግዶችም ይመጡበታል። እርሱ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሥራውን አላቋረጠም። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ የየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቍጥር ተሰብስቦ ታላቅ መዝገብ ሆነ።

ዓመቱም በተፈጸመ ጊዜ ቍጥሩን በስድስት ሰንጠረዥ አሰናድቶ በለንደን ላለው ለንጉሣዊው የሊቃውንት ማኅበር ላከው፤ ማኅበሩም አሳተመው። በሙቀት ወራት ሰው ብዙ ላብ እንደሚያልበው ከእርሱ በፊትም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር የሚናገር ሰው ጥቂት ነበረ። ዝናቡንም መለካት አልተወም፤ ከ1738 ጀምሮ እስከ 1752 መጨረሻ በቻርልስተን የወረደውን የዐሥራ አምስት ዓመት ዝናብ ልክ ጽፎ ላከ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከተባለው የመብረቅን ጠባይ ከመረመረው ሊቅ ጋርም ይጻጻፍ ነበር።

፬

በዚያ ዘመን በቻርልስተን ከሌላው ንዳድ ሁሉ የከፋ በሽታ ነበረ፤ እርሱም ቢጫ ወባ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ብርቱ ትኩሳት ያገኘዋል፤ ዐይኑና ቈዳው ቢጫ ይሆናል፤ ጥቍር ነገርም ያስመልሰዋል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በሽታው በ1732፥ በ1739፥ በ1745ና በ1748 በከተማይቱ ተነሣ።

ላይኒንግ ከበሽተኞቹ አልጋ አጠገብ ሆኖ በሽታው በየቀኑ የሚያደርገውን ተመለከተና ጻፈ። ከጻፋቸውም ነገሮች ሁለቱን አስተውሉ።

አንደኛው ይህ ነው፤ በቢጫ ወባ ታሞ የዳነ ሰው ሁለተኛ በእርሱ አይያዝም።

ሁለተኛውም ይህ ነው፤ በከተማይቱ ውስጥ በሽታው እንደ እሳት ይስፋፋል። ነገር ግን ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ሰው በዚያ በሽታው ይዞት ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ እርሱ ታሞ ይተኛል እንጂ በገጠር ያሉት ቤተ ሰቦቹ አይያዙም። በአንድ ቤት አብረውት የሚያድሩት እንኳ ደኅና ይሆናሉ።

ይህ ነገር እንቈቅልሽ ነበር። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በንክኪ የሚተላለፍ ከሆነ የገጠሩ ቤተ ሰብ ለምን አልታመመም? ላይኒንግ መልሱን አላገኘም። ነገር ግን መልሱን አላገኘሁም ብሎ ያየውን አልደበቀም፤ እንዳየው አድርጎ ጻፈው። ይህ የታማኝ ሰው ሥራ ነው።

፭

አሁን ደግሞ ስሕተቱን እንናገር፤ የደግ ሰውን ሥራ ብቻ ተናግሮ ስሕተቱን መሸሸግ ተማሪን አይጠቅምምና።

ላይኒንግ በቻርልስተን ከነበሩት ጥቍር ሰዎች አንድም እንኳ በቢጫ ወባ ሲያዝ እንዳላየ ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ያየውን ተናገረ። ነገር ግን በዚህ ሳያበቃ፥ በጥቍሮች ገላ ውስጥ ከበሽታው የሚጠብቃቸው ልዩ ነገር አለ አለ። ይህን አላየውም፤ የገመተው ነው። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚሉት፥ ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ የተወለዱት በሽታው በሚገኝበት በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በልጅነታቸው ታመው ድነው ነበርና ሁለተኛ አልያዛቸውም። የጠበቃቸው የቈዳቸው መልክ አልነበረም። ላይኒንግ ራሱ፥ አንድ ጊዜ የታመመ ሁለተኛ አይታመምም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ቢያስተያያቸው ኖሮ እውነቱ በተገለጠለት ነበር።

ላይኒንግ በ1760 ሞተ። ግምቱ ግን በመጽሐፍ ተጽፎ ቀረ። በ1793 ፊላዴልፊያ በምትባል በሌላዪቱ የአሜሪካ ከተማ ቢጫ ወባ ተነሣ፤ 5,000 ያህል ሰውም ሞተባት። ብዙ ሰው ከተማይቱን ትቶ ሸሸ። በዚያ የነበረው ታላቅ ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ የላይኒንግን ጽሑፍ አንብቦ ነበርና፥ ጥቍር ሰዎች በሽታው አይነካቸውም፤ ስለዚህ መጥተው በሽተኞችን ያስታሙ ብሎ ለመነ። አብሳሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን የተባሉ ሁለት ጥቍር መሪዎች ልመናውን ሰሙ፤ ወገኖቻቸውንም አስተባበሩ። ሌላው የሸሸውን በሽተኛ አስታመሙ፤ ሬሳም ተሸክመው ቀበሩ።

በሽታው ግን እነርሱንም ያዛቸው። ከእነርሱ ወገን 240 ያህል ሰዎች ሞቱ። ሐኪም ረሽም መሳሳቱን በኋላ አመነ። ልጆች ሆይ፥ አስተውሉ፤ አንድ ሰው ካየው አልፎ የጻፈው አንድ ቃል፥ እርሱ ከሞተ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ሰዎችን ወደ ሞት መራ።

በአገራችንም የዚህ ግምት ሐሰትነት በመከራ ታይቷል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ በኦሞና በዲዴሣ ወንዞች ሸለቆ ቢጫ ወባ ገባ። ዲዴሣ ከበደሌ ወደ ነቀምቴ ስንሄድ የምንሻገረው ወንዝ ነው። በዚያ ዘመን 100,000 ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 30,000 ያህልም እንደ ሞተ ሐኪሞች ገምተዋል። የሸለቆው ሰዎች በሽታውን ቀድሞ አያውቁትም ነበርና ገላቸው መከላከያ አልነበረውም። ጥቍር ቈዳ ከቢጫ ወባ የሚያድን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ ባልሞተ ነበር።

፮

እንግዲህ በሽታውን የሚያሻግረው ምንድር ነው? በ1881 ካርሎስ ፊንላይ የተባለ የኩባ ሐኪም፥ ቢጫ ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ቢምቢ ናት ብሎ ተናገረ። ብዙዎች አላመኑትም። በ1897 ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም በህንድ አገር የወባን ተሐዋሲ በቢምቢ ሆድ ውስጥ አገኘ። በ1900ም በዋልተር ሪድ የሚመሩ ሐኪሞች በኩባ መርምረው የፊንላይ ቃል እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ከእነርሱ አንዱ፥ ጄሲ ላዚር፥ በዚህ ሥራ ላይ ሳለ በቢጫ ወባ ሞተ። ከዚያም በኋላ በ1937 ከቢጫ ወባ የሚጠብቅ ክትባት ተገኘ።

በዚህ ጊዜ የላይኒንግ እንቈቅልሽ ተፈታ። ቢጫ ወባን በከተማ የምታሻግረው ቢምቢ በቤት አጠገብ፥ ውሃ በሚጠራቀምበት ጋንና በርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች። በቻርልስተን እርስዋ ነበረች፤ በገጠሩ ቤት ግን አልነበረችም። በሽተኛው ወደ ገጠር ሲመለስ በሽታውን ይዞ ሄደ፤ የምታሻግረውን ግን ይዞ አልሄደም። ከመቶ ዓመት በላይ መልስ ሳይገኝለት የቈየው ጽሑፍ እንዲህ ምስክር ሆነ።

በኦሞና በዲዴሣ ሸለቆ ደግሞ የቢምቢዋ ወገን ሌላ ነበረች። በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ሥር፥ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጕድጓድ ውስጥ ዝናብ ይቋጥራል፤ እርስዋም በዚያች ጥቂት ውሃ ትፈለፈል ነበር።

ታዲያ ላይኒንግ አየሩን መለካቱ ከንቱ ነበርን? አይደለም። አየሩ ራሱ ቢጫ ወባን አያመጣም፤ ነገር ግን ለቢምቢዋ ቤትና ጊዜ ያዘጋጅላታል። ዝናብ ውሃ ያቈርላታል፤ ሙቀትም ዕንቍላልዋን ፈጥኖ ያሳድግላታል። በሆድዋ ያለው ተሐዋሲም በሙቀት ፈጥኖ ይበረታል፤ እጅግ በቀዘቀዘ አየር ግን አይበስልም። በሽታው በሙቀት ወራት የሚመጣው፥ በብርድ ወራትም የሚጠፋው ስለዚህ ነው። ላይኒንግ ጊዜውን በትክክል አየ፤ በመካከል ያለችውን ትንሽ ፍጥረት ግን አላያትም።

፯

አሁን ወደ ጎሬና ወደ ጋምቤላ መንገድ እንመለስ። ሽማግሌዎቻችንም እንዲሁ ነበሩ። በቆላ ያደረ ሰው እንደሚታመም በትክክል አዩ፤ ምክራቸውም ብዙ ነፍስ አዳነ። ምክንያቱ ግን ነፋሱ አልነበረም፤ ማታ ማታ የምትናከሰው ቢምቢ ነበረች። በዚህም ከሌላው ዓለም ያነሱ አይደሉም፤ የአውሮፓ ሰዎችም በሽታውን ማላሪያ ብለው ሲጠሩት በኢጣልያ ቋንቋ ክፉ አየር ማለታቸው ነበርና።

ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ከመሸሽ በቀር ሌላ ጥበብ የለውም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ግን በአልጋው ላይ አጎበር ይዘረጋል፤ በቤቱ አጠገብ ያቈረውን ውሃ ያፈስሳል፤ የውሃውን ጋን ይከድናል፤ ንዳድ ሲይዘውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ወባ በቆላ ብቻ የምትቀር አይደለችም፤ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ነው። መቱም ከዚህ ልክ በታች ናት። ዓመቱ ከወትሮው ይልቅ ሲሞቅ ወባ ወደ ከፍታው ትወጣለች፤ ስለዚህ የዝናብንና የሙቀትን ልክ የሚጽፍ ሰው ዛሬም ለሐኪም ረዳቱ ነው።

እናንተም ይህን ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። አፉና ግርጌው እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ክዳን ርቆ በሜዳ ላይ አቁሙ። በየማለዳው በውስጡ ያለውን ውሃ በማስመሪያ ለኩ፤ ቀኑንና ልኩን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ውሃውን ድፉ። ዝናብ ያልዘነበ እንደ ሆነ፥ አልዘነበም ብላችሁ ጻፉ። አንድ ቀን ሳትለኩ ብትቀሩ፥ አልለካሁም ብላችሁ ጻፉ እንጂ ቍጥር አትፍጠሩ። በመዝገብ የገባ አንድ ሐሰት እውነቱን ቍጥር ሁሉ ያስጠረጥረዋልና።

ከዚህ ሐኪም ሕይወት ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ማንም በማያመሰግነው ትንሽ ሥራ ላይ መታገሥን። ሁለተኛ፥ ትርጕሙ ባይገባን እንኳ ያየነውን እንዳየነው መጻፍን። ሦስተኛው ከስሕተቱ የምንማረው ነው፤ ያየነውንና የገመትነውን መለየትን። አይቻለሁ ስትሉ አይታችሁ ይሁን፤ ይመስለኛል ስትሉም፥ ይመስለኛል ብላችሁ ተናገሩ። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል የሰው ሕይወት ይገኛልና።

ጥያቄ

1. ላይኒንግ አየሩን ለመለካት ምን ምን መሣሪያ ነበረው?
2. ከገጠር መጥቶ በከተማ የታመመው ሰው ቤተ ሰቦቹን ያላስያዘው ለምንድር ነው?
3. ላይኒንግ ስለ ጥቍር ሰዎች ከጻፈው ያየው የትኛው ነው? የገመተውስ የትኛው ነው?
4. ሽማግሌዎች ስለ ቆላ ነፋስ የተናገሩት በምን እውነት ነበረ? በምንስ ስሕተት ነበረ?